«ሰዓቱ ደህና ናት ይላል፣ ልጄ ግን ያመኛል ትላለች»፦ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ታዳጊዎች ስማርት ሰዓት ምን ሊያደርግ ይችላል?

አንዲት እናት ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ነው። የ15 ዓመት ልጃቸው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ራስ ምታትና የጀርባ ሕመም ይመላለስባታል። የተደረጉላት ምርመራዎች አስጊ ነገር አላሳዩም፤ ሐኪሟም ሥር የሰደደ ሕመም መሆኑን ነግረዋቸዋል። ወላጆቿ የልብ ምትን፣ እንቅልፍን፣ እርምጃንና «የውጥረት መጠን»ን የሚያሳይ ስማርት ሰዓት ገዝተውላታል፤ እናትየዋም መረጃውን በራሳቸው ስልክ ይከታተላሉ። አንድ ቀን ጠዋት ልጅቷ «በጣም አሞኛል፣ ትምህርት ቤት መሄድ አልችልም» ስትል ሰዓቱ ጥሩ እንቅልፍ እንደተኛችና ውጥረቷም ዝቅተኛ እንደሆነ አሳየ። እናትየዋ የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ከልጃቸውና ከሰዓቱ ማንን ይመኑ? ሕመሟን በትክክል የሚለካ የተሻለ መሣሪያ አለ? ይህ ሁሉ መረጃስ ለሕክምናዋ ይረዳል?

የመጀመሪያው ጥያቄ በእርስዎና በልጅዎ መካከል ያለውን መተማመን የሚነካ ስለሆነ በእርሱ ልጀምር። ልጅዎን ይመኑ። በአሁኑ ጊዜ ለሸማች የሚሸጥ ሰዓት፣ ቀለበትም ሆነ የደረት ቀበቶ ሕመምን አይለካም። የሚለካው እንቅስቃሴን፣ የልብ ምትን፣ የቆዳ ሙቀትንና እነዚህን የመሳሰሉ ነገሮች ሲሆን፣ ከእነዚህ ተነሥቶ «ይህች ልጅ ታማለች» ወይም «አልታመመችም» ብሎ ለመፍረድ የሚያበቃ አስተማማኝ ዘዴ የለም። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ሰዓቱና ልጅዎ እርስ በርሳቸው አልተጋጩም፤ የተናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

ይህ የቴክኖሎጂው ጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ፍቺ፣ ሕመም ከሰውነት ጉዳት ጋር የተያያዘ ወይም ያንን የሚመስል፣ ሰው በአካሉም በስሜቱም የሚያልፍበት ደስ የማይል ነገር ነው። ከፍቺው ጋር የተያያዙት ማብራሪያዎች ደግሞ ሕመም ምንጊዜም የግል ልምድ መሆኑንና ሰው «ያመኛል» ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ በግልጽ ይናገራሉ። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል፤ በዚህ ደረጃ ላይ ሕመሙን የሚያቆየው ብዙውን ጊዜ አንድ የቆሰለ ቦታ ሳይሆን፣ የአንጎልና የነርቭ ሥርዓት ለሕመም መልእክት ከልክ በላይ ንቁ ሆኖ መቅረት ነው። ምርመራዎቿ አንዳች ነገር አለማሳየታቸው ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ሕመሟን ሐሰት አያደርገውም። ልጅዎ ብቻዋን እንዳልሆነችም ልንገርዎ፤ ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሥራ እንደ ሕመሙ ዓይነት ከ11 እስከ 38 በመቶ የሚሆኑ ልጆችና ታዳጊዎች ሥር የሰደደ ወይም ተመላላሽ ሕመም እንዳለባቸው አስቀምጧል።

አሁን «የውጥረት መጠን» የሚባለው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱ ከጀርባው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል፤ ከቆዳ ሥር ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ደም ከእያንዳንዱ የልብ ምት ጋር ሲበዛና ሲያንስ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃንም አብሮ ይለዋወጣል። ከዚህ የልብ ምት ፍጥነትና በምቶች መካከል ያለው ጥቃቅን የጊዜ ልዩነት ይሰላል። ይህ ልዩነት ሲሰፋ ሰውነት አረፍ እንዳለ፣ ሲጠብ ደግሞ በተጠንቀቅ ላይ እንዳለ ተደርጎ ይወሰዳል፤ አምራቹም በራሱ ቀመር ወደ አንድ ነጠላ ቁጥር ይለውጠዋል። ነገር ግን ያው ልዩነት በአተነፋፈስ፣ በቡና፣ በወር አበባ ዑደት፣ በጉንፋን፣ በአካል ብቃት፣ ከምግብ በኋላ ባለው ጊዜ፣ ሌላው ቀርቶ ከተኙበት ቀና በማለት እንኳ ይለዋወጣል። የእጅ መወዛወዝና የሰዓቱ ላላ ብሎ መታሰር ንባቡን ያዛባሉ፤ ጠቆር ያለ ቆዳ አረንጓዴውን ብርሃን ይበልጥ ስለሚውጥ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ የሚደርሰው ምልክት ይዳከማል።

ከዚህም በላይ ድንገተኛ ሕመምና ሥር የሰደደ ሕመም በሰውነት ላይ የሚተዉት ምልክት አንድ አይደለም። ሰው እጁን እሳት ቢነካው ልቡ ይፈጥናል፣ መዳፉ ያልበዋል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ለወራት አብሮ የኖረ ሕመም ግን በየጊዜው እንዲህ ያለ ማንቂያ አያስነሳም፤ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 በሚሰጠው ነጥብ ከሦስት ወደ ሰባት ሲያሻቅብ የልብ ምቱ ባለበት ሊቆይ ይችላል። ታዳጊዋ ሕመሙ ሲጠናባት ጋደም ብላ ሳትንቀሳቀስ የምትቆይ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ የሚያየው የልብ ምቷ የቀነሰና ያረፈች ልጅን ነው። በመሆኑም ሕመሙ በጣም የከፋባት ጊዜ በመሣሪያው ላይ እጅግ የተረጋጋ መስሎ ሊታይ ይችላል። በዚያ ጠዋት የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ታዲያ መሣሪያው ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ሕመሙን ባይለካም በሕመሙ ዙሪያ ያለውን ኑሮ፣ በተለይም እንቅስቃሴንና እንቅልፍን፣ ከማስታወስ በተሻለ ሊያሳይ ይችላል።

እንቅስቃሴን በተመለከተ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸው ታዳጊዎች ላይ ደጋግሜ የማየው ሥርዓት አለ። ደህና በሆነችበት ቀን ልጅቷ ያመለጣትን ሁሉ ለማካካስ ከጠዋት እስከ ማታ ትሯሯጣለች፤ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ከአልጋ አትነሣም፤ ከዚያም ሻል ሲላት እንደገና ትሮጣለች። በየዙሩ የምትችለው ነገር እያነሰ፣ ፍርሃቷም እየጨመረ ይሄዳል። ይህን ሥርዓት ልጅቷም ቤተሰቧም በቃል ሲጠየቁ እምብዛም አያስተውሉትም፤ የሁለት ሳምንት የእርምጃ ግራፍ ፊታቸው ሲቀመጥ ግን ቶሎ ይታያቸዋል። ያን ጊዜ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ሆኖ በደህናውም በክፉውም ቀን ሊፈጸም የሚችል ልከኛ መነሻ ማበጀትና በየሳምንቱ በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ለእኔ የሰዓቱ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ሆኖም ሰዓቱ የሚያዘወትራቸውን «10,000 እርምጃ» የመሰሉ ግቦች ያጥፉ፤ የተቀመጡት ለልጅዎ ሁኔታ ታስበው አይደለም፤ ወደዚያው የመሯሯጥና የመውደቅ ዙር ይመልሷታል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ፋይብሮማያልጂያ (መላ አካልን የሚያዳርስ ሥር የሰደደ ሕመም) ያለባቸው ታዳጊዎች የሥነ ልቦና ሕክምና አግኝተው የዕለት ተዕለት ተግባራቸው እንደተሻሻለ ተናግረው ሳለ፣ ዳሌያቸው ላይ የነበረው የእንቅስቃሴ መለኪያ ጭማሪ አላሳየም፤ ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ልጆቹ አልዋሹም፣ መለኪያውም አልተበላሸም። ወደ ክፍል መመለስ፣ ከጓደኛ ጋር ተቀምጦ መጫወት፣ የቤት ሥራን መጨረስ ትልልቅ ለውጦች ናቸው፤ በእርምጃ ብዛት ግን አይታዩም። ስለዚህ ከእርምጃው ቁጥር ጎን ለጎን ሁልጊዜ «በዚህ ሳምንት ምን ማድረግ ቻልሽ?» የሚለው ጥያቄ ይኑር።

እንቅልፍን በሚመለከት መሣሪያዎቹ የሚደርሱበት ድምዳሜ በአብዛኛው ከአለመንቀሳቀስ የሚነሣ ነው። አልጋ ላይ ዓይኗን ገልጣ፣ ሕመሙን ላለማባባስ ሳትነቃነቅ ያደረች ልጅ «ለሰባት ሰዓት ያህል ተኝታለች» ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች። እንቅልፍን እንቅልፍ ብሎ በመለየት ጥሩ የሆነው መሣሪያ ንቃትን በመለየት ደካማ ነው፤ ሕመም ባለባት ልጅ ላይ ደግሞ ይበልጥ የምንፈልገው ያንን ንቃት ነው። «ጥልቅ እንቅልፍ» እና «ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ» እያለ የሚከፋፍለውን ዝርዝር ቢተዉት ይሻላል። ሊታመን የሚችለውና የሚጠቅመው መቼ እንደተኛች፣ መቼ እንደተነሣች፣ እነዚህ ሰዓታት ከቀን ቀን ምን ያህል እንደሚለዋወጡ ነው። በጉርምስና ወቅት የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚገፋ ልጆች አምሽተው ቢተኙ አያስደንቅም፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። የትምህርት ቀናትና የዕረፍት ቀናት የመኝታ ሰዓት በሁለትና በሦስት ሰዓት የሚራራቅ ከሆነ፣ ሐኪሟ መጀመሪያ ሊሠሩበት የሚችሉት ነገር እዚያ ጋ ተገኘ ማለት ነው፤ የተረበሸ እንቅልፍ የሕመም ስሜትን እንደሚያባብስ በሚገባ የታወቀ ነውና።

የመሣሪያውን መረጃ ትርጉም የሚሰጠው የልጅቷ የራሷ ቃል ነው፤ እርሱም በጊዜው ሲመዘገብ። ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸው አዋቂዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በዚህ ረገድ ብዙ አስተምሯል። ተሳታፊዎች በወረቀት ማስታወሻ ላይ የሕመም መጠናቸውን በተወሰኑ ሰዓታት እንዲጽፉ ተጠየቁ፤ ማስታወሻው መቼ እንደተከፈተ የሚመዘግብ መሣሪያ በውስጡ መኖሩን ግን አያውቁም ነበር። በጻፉት መሠረት 90 በመቶውን በሰዓቱ ሞልተዋል፤ እውነተኛው ግን 11 በመቶ ነበር። በኤሌክትሮኒክ ማስታወሻ የተጠቀሙት ደግሞ 94 በመቶ በሰዓቱ ሞሉ። የተረሳውን ኋላ ላይ መሙላት የሰው ሁሉ ልማድ ነው፤ ኋላ ላይ የሚሞላው ደግሞ የሚያንጸባርቀው በሚሞላባት ቅጽበት ያለውን ስሜትና ከሁሉ የከፋውን ቀን ነው።

ስለዚህ ልጅዎ በስልኳ ላይ፣ በቀን አንዴ፣ ቢቻል ሁልጊዜ በተመሳሳይ የምሽት ሰዓት፣ ሦስት ነገር ብቻ ትመዝግብ፦ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደነበር፣ ልታደርግ የፈለገችውን ከማድረግ ምን ያህል እንዳገዳት፣ መድኃኒት ወስዳ እንደሆነና ምን እንደወሰደች። ከሦስቱ ሁለተኛውን አጥብቄ እፈልገዋለሁ፤ የሕክምናው አካሄድ የሚመዘነው በዋናነት በእርሱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ራስ ምታት ስላለባት አስፈላጊ ነው፤ እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን የሚባሉት የማይግሬን መድኃኒቶች ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ ሲወሰዱ ራሳቸው ራስ ምታት ሊያመጡ ይችላሉና። በቀን ብዙ ጊዜ እንድትመዘግብ አላበረታታም። ሕመሟን በየሰዓቱ እንድትፈትሽ የሚጠይቃት መሣሪያ፣ ልናስተምራት ከምንፈልገው፣ ማለትም ትኩረቷን ከሕመሙ አንሥታ ወደ ሕይወቷ ከመመለስ፣ ጋር ይጣላል።

ከሁሉ ይበልጥ ላሳስብዎ የምፈልገው ግን ከመሣሪያው ይልቅ መረጃው በስልክዎ ላይ መሆኑን ነው። ልጅዎ ስትሠቃይ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ አንድ ነገር ልወቅ፣ አንድ ነገር ላድርግ ማለትዎ ከፍቅር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ሙከራ ግን ያስተማረን አለ። ተመላላሽ የሆድ ሕመም ያለባቸውና ጤነኛ የሆኑ ልጆች ሆዳቸው እስኪወጠር ውኃ ጠጡ፤ ከዚያም አንዳንዶቹ ወላጆች ስለ ሕመሙ እየጠየቁ እንዲያባብሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ጨዋታውን ወደ ሌላ ነገር እንዲያዞሩ ተነገራቸው። ምንም መመሪያ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር፣ ትኩረት በተሰጣቸው ልጆች ዘንድ የሕመም እሮሮው እጥፍ ሊሆን ተቃረበ፤ ጨዋታው በተለወጠላቸው ዘንድ በግማሽ ቀነሰ። ልብ የሚነካው ሌላው ግኝት ነው፦ ልጆቹ የተሻላቸው ጨዋታው ሲለወጥ እንደሆነ ሲናገሩ፣ ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ግን ጨዋታ መለወጥ ልጃቸውን ይጎዳል ብለው የሚሰጉ ነበሩ።

ይህን ከሰዓቱ ጋር ያያይዙት። በስልክዎ ላይ ማሳወቂያ በመጣ ቁጥር «አመመሽ እንዴ?» ብለው ከጠየቁ፣ ከትኩረት ቢላቀቅ የሚሻለውን ነገር ወደ ትኩረት እየመለሱት ነው። ማሳወቂያው ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ «ሰዓቱ እኮ ደህና ነሽ ይላል» የሚለው ጥርጣሬ ይከተላል። የ15 ዓመት ልጅ ሕመሟን ለማስረዳት ማስረጃ ማቅረብ እንዳለባት ካመነች፣ የቀረችውን ጉልበቷን ታምሜአለሁ ብላ ለማሳመን ታጠፋዋለች፤ ለመሻል የሚተርፋት ያነሰ ይሆናል። ከዚህ በፊት ያላመኗት ሐኪሞች ገጥመዋት ከነበረ ይህ ጉዳት የበለጠ ይከፋል። ስለዚህ የምመክረው ግልጽ ነው፦ መተግበሪያውን ከስልክዎ ያጥፉት፤ መረጃው የእርሷ ይሁን፤ ከእርስዎ ጋር የምታየው በሳምንት አንዴ፣ እርሷ በመረጠችው ቀንና እርሷ ልታሳይ የፈለገችውን ያህል ብቻ ይሁን። ሰዓቱን ማድረግ አልፈልግም ካለችም አያስገድዷት። የጠዋቱ የትምህርት ቤት ጥያቄም በሰዓቱ ቁጥር ሳይሆን ከሐኪሟና ከትምህርት ቤቷ ጋር አስቀድሞ በተስማማችሁበት ዕቅድ ይወሰን፤ ለምሳሌ ሕመሙ በበረታበት ቀን ግማሽ ቀን መዋል፣ በክፍሎች መካከል ማረፊያ ማግኘት፣ ይህንን የመሰለ። እንዲህ ሲሆን ሕመሟን ማመንና ወደ ትምህርት ቤት መሄዷን መደገፍ አብረው ይኖራሉ። በየሌሊቱ የእንቅልፍ ነጥቧን እያየች የምትጨነቅ ከሆነም ሰዓቱ ማታ ከእጇ ይውለቅ፤ ፍጹም የእንቅልፍ ቁጥር ማሳደድ ራሱ እንቅልፍ እንደሚነሣ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነገር ነው።

ለሕክምናዋ ይጠቅም እንደሆነ ለጠየቁት፣ በልኩ ከተያዘ አዎን። ሐኪም በ20 ደቂቃ ቀጠሮ ውስጥ የወራት ግራፍ ሊያነብ አይችልም፤ አንድ ጥያቄ ይዘው የሁለት ሳምንት መረጃ ቢያመጡ ግን ይነበባል። ጥያቄው «ከበዛ እንቅስቃሴ በኋላ ትወድቃለች ወይ?» ወይም «የመኝታ ሰዓቷን ካስተካከልን በኋላ ሕመሙ ልታደርግ ከፈለገችው ነገር ማገዱ ቀንሷል ወይ?» ሊሆን ይችላል። አዲስ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሳምንት፣ ከተጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት መመዝገብ ያለማቋረጥ ከመከታተል በእጅጉ ይሻላል፤ በመካከሉ ልጅቷ ከመለካት ታርፋለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለልጆች ሥር የሰደደ ሕመም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ሕክምናንና እንደ ሁኔታው መድኃኒትን ያስቀምጣል። በዚህ መንገድ ሲታከሙ ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚሻሻለው የሚያደርጉት ነገር ነው፤ የሕመሙ ቁጥር የሚቀንሰው ዘግይቶ ነው። ይህን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ የምሽቱ ቁጥር ሳይወርድ ሲቆይ ሕክምናው አልሠራም ብላችሁ ልታቋርጡት ትችላላችሁ።

የተሻለ መሣሪያ ለሚለው፣ ውድ የሆነውን መግዛት ሕመምን ወደ መለካት አያደርስዎትም። ምናልባት ግር ያሰኘዎት ሕክምና የሚሰጡ ተለባሽ መሣሪያዎች መኖራቸው ይሆናል። ኔሪቪዮ የተባለው በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰርና ለማይግሬን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያክም መሣሪያ ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ታዳጊዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቷል፤ አይቢ-ስቲም የተባለው ከጆሮ ጀርባ የሚደረግ መሣሪያ ደግሞ ከአንጀት መቆጣት ጋር ለተያያዘ የሆድ ሕመም ከ11 እስከ 18 ዓመት ላሉት እ.ኤ.አ. በ2019 ተፈቅዷል። ሁለቱም ሕክምና እንጂ መለኪያ አይደሉም። የልጅዎ ራስ ምታት ማይግሬን ከሆነ የመጀመሪያውን ለሐኪሟ ማንሣት ተገቢ ነው።

ሰዓቱን ከመቀጠላችሁ በፊት ከልጅዎ ጋር ሆናችሁ የመተግበሪያውን የግላዊነት ቅንብር ክፈቱ፤ መረጃው ከማን ጋር እንደሚጋራ፣ የወር አበባና የቦታ መረጃ ይሰበሰብ እንደሆነ፣ እንዴትስ እንደሚሰረዝ ተመልከቱ። በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ ያለውን የሚጠብቀው ሕግ ሰዓት አምራቹ ዘንድ ያለውን ሁልጊዜ አይጠብቅም።

በመጨረሻም ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ ያበጠ መገጣጠሚያ ወይም የጠዋት ግትርነት፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ማቃት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ አዲስ ሕመም፣ ድንገተኛና እጅግ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ወይም የዓይን ብዥታና ትውከት ያለበት እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ካዩ፣ እንዲሁም ልጅዎ ተስፋ እንደቆረጠች ወይም መኖር እንደማትፈልግ ከተናገረች፣ በሰዓቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ መደበኛ ቢሆኑም ቀጠሮዋን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዷት።